7 ወር ቪዲዮ ሳይ ቆይቼ ባዶ ፋይል ፊት ስቀመጥ እጄ አልንቀሳቀስ አለ

ባዶ_ፋይል

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሁሌ አነባለሁ፣ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፍሮንት ኤንድ (ሰው የሚያየውን የድረ ገጽ ክፍል መሥራት) መማር ከጀመርኩ 7 ወር ሆነኝ። ኤችቲኤምኤል (የገጹ አጥንት) ጨረስኩ፣ ሲኤስኤስ (መልኩ) ጨረስኩ፣ ጃቫስክሪፕት (እንቅስቃሴው) ላይ ሁለት ረጃጅም ኮርስ አየሁ፣ አሁን ሪአክት (በጃቫስክሪፕት ላይ የተሠራ መሣሪያ) ግማሽ ላይ ነኝ። "ጨረስኩ" ስል ቪዲዮው አለቀ ማለቴ ነው። አስተማሪው ሲጽፍ አብሬ እጽፋለሁ፣ እሱ ጋ ሲሠራ እኔም ጋ ይሠራል፣ ደስ ይለኛል። ትናንት ማታ ቪዲዮውን ዘግቼ አንድ ተራ ገጽ ከራሴ ላውጣ ብዬ ተቀመጥኩ። ከርሰሩ ብልጭ ድርግም ይላል፣ እኔም አየዋለሁ። 40 ደቂቃ። የወጣኝ አንድ ርዕስና አንድ ዲቭ (ባዶ ሳጥን) ነው። ዲቩንም መሃል ላይ ማድረግ አቅቶኝ ላፕቶፑን ዘጋሁት።

እንደገና ከኤችቲኤምኤል ልጀምር? ወይስ ሪአክቱን ልጨርሰውና ከዚያ በኋላ ይገባኛል? ወይስ ይሄ ነገር ጭራሽ የእኔ አይደለም? እውነቱን ንገሩኝ፣ አልቀየምም።

ድርብ_ሰረዝ

ወንድሜ፣ ዲቭ መሃል ላይ ማድረግ ያላቃተው ሰው እዚህ ካለ እጁን ያውጣ። የሙያው የቆየ ቀልድ ነው እሱ።

መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጠህ መቶ ጊዜ የሄድክበት መንገድ፣ አንድ ቀን መሪውን ሲሰጡህ የት ጋ እንደሚታጠፍ ይጠፋሃል። ያንተም ነገር እሱ ነው። መንገዱን አይተኸዋል፣ ነድተኸው ግን አታውቅም። ስለዚህ ከኤችቲኤምኤል እንደገና አትጀምር። እንደገና ስትጀምር ያው ቪዲዮ ነው፣ አሁን ደግሞ ስለለመድከው ይበልጥ የገባህ ይመስልሃል፣ ሌላ 7 ወር ይሄዳል።

ሪአክቱን ግን አቁመው። ለሁለት ወር ብቻ። ሪአክት የሚያቀልልህ ችግር አለ፣ አንተ ግን ችግሩን ራሱን ገና አላየኸውም። ገጽ ላይ ያለ ቁጥር ሲቀየር ሌላ ሦስት ቦታ አብሮ መቀየር እንዳለበት፣ አንዱን ረስተህ ሁለቱ ብቻ ሲቀየሩ፣ በእጅህ ስትሠራው ነው የሚያንገበግብህ። ከዚያ በኋላ ሪአክት ስታይ "አሃ፣ ለዚህ ነው እንዴ!" ትላለህ።

ለዛሬ አንድ ነገር ምረጥ፣ አንተ ራስህ የምትጠቀምበት ትንሽ ነገር። የታዋቂ ድረ ገጽ ቅጂ አይሁን። ኮዱን ከመንካትህ በፊት ወረቀት ላይ በእርሳስ ሳጥን ሳጥን አድርገህ ሳለው። ከዚያ ኤችቲኤምኤሉን ብቻ ጻፍ፣ አስቀያሚ ይሁን ግድ የለም። ሲኤስኤሱ ነገ ነው። ጃቫስክሪፕት ከነገ ወዲያ፣ እሱም አንድ በተን።

ባዶ_ፋይል

በመጀመሪያ እህትህ ነኝ :)

ሁለተኛ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ሐሳብ አለኝ። መጽሐፍ አነባለሁ፣ ግን በቀን ስንት ገጽ እንዳነበብኩ አላውቅም፣ የጀመርኩትንም እረሳለሁ። የንባብ መዝገብ ብሠራስ? የመጽሐፉን ስምና የገጽ ቁጥር አስገብቼ ድምሩን እንዲያሳየኝ። በጣም ተራ ነው?

ድርብ_ሰረዝ

ይቅርታ እህቴ፣ "ወንድሜ" ማለት ልምድ ሆኖብኝ ነው። ተራ አይደለም፣ ልክ መጠኑ ነው። ፎርም አለበት፣ ዝርዝር አለበት፣ ድምር አለበት፣ በኋላ ደግሞ ብራውዘሩ ሲዘጋ እንዳይጠፋ ማስቀመጥ ይመጣል። ፍሮንት ኤንድ ማለት ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ቶሎ_ልቅጠር

እኔ አልስማማም። የሥራ ማስታወቂያ ከፍታችሁ እዩ እስኪ፣ ሪአክት የማይል አለ? ሰው ሥራ ይፈልጋል። ሁለት ወር ቆይ፣ ሦስት ወር ቆይ እየተባለ ዓመቱ ያልቃል። እኔ ጃቫስክሪፕት በደንብ ሳላውቅ ነው ሪአክት የገባሁት፣ እየሠራሁ ነው የተማርኩት። ልጅቷን አታስፈራሯት።

የድሮ_ሰው

ማንም አላስፈራራትም ወዳጄ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኔ ስጀምር ጄኩዌሪ የሚባለውን የጃቫስክሪፕት መሣሪያ የማያውቅ ሰው እንደ ሰው አይቆጠርም ነበር። 2006 ላይ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ዓመታት ሁሉም ማስታወቂያ ላይ እሱ ነበር። አብረውኝ የጀመሩ ልጆች ጄኩዌሪን ብቻ ተማሩ፣ ሥሩ ያለውን ጃቫስክሪፕት ሳይነኩ። 2013 ላይ ሪአክት ብቅ አለ፣ በሚቀጥለው ዓመት ቢጤው ቪዩ። ጄኩዌሪ እንደ ትናንት ጋዜጣ ሆነ፣ ልጆቹም ከዜሮ ጀመሩ። ጃቫስክሪፕት የሚያውቁት ግን ሁለት ሳምንት አንብበው ተሻገሩ።

ጃቫስክሪፕት ራሱ ብሬንደን አይክ 1995 ላይ በ10 ቀን የጻፈው ቋንቋ ነው። ለዚህ ይሆናል አንዳንድ ነገሩ የሚያስቅ፣ 0.1 እና 0.2 ስትደምር 0.30000000000000004 ይልሃል፣ ብዬ ልሳለቅ ነበር። ግን የሱ ጥፋት አይደለም። ኮምፒውተር አሥርዮሽን በሁለትዮሽ ሲይዝ የሚመጣ ነው፣ ፓይተንም እንደዚያው ያደርጋል። ብቻ ያ በ10 ቀን የተጻፈው ነው እስከ ዛሬ ብራውዘሩ ውስጥ የተቀመጠው። በላዩ የሚመጡት ይመጣሉ ይሄዳሉ።

ቶሎ_ልቅጠር

ጋሼ፣ እሱ እውነት ነው። ግን ዛሬ ኪራይ የሚከፍል ሰው "ሥሩን ተማር" ሲባል አይጠግብም።

የድሮ_ሰው

አይጠግብም፣ ልክ ነህ። ግን ቃለ መጠይቅ ላይ ምን እንደሚጠይቁ ታውቃለህ? እኔ ጁኒየር ሳናግር ሪአክት አልጠይቅም። ባዶ ገጽ ከፍቼ "ይሄን ዝርዝር አጣራልኝ፣ ሰው ሲጽፍ እየተቀየረ ይሂድ" እላለሁ። ከሚመጡት ብዙዎቹ ፖርትፎሊዮአቸው ላይ ሦስት የሚያብረቀርቅ ፕሮጀክት አለ፣ ሦስቱም የአንድ ኮርስ ፕሮጀክት ነው፣ ቀለሙ እንኳ አልተቀየረም። በተኑ ሲነካ ምን እንደሚሆን ስጠይቃቸው ዝም።

ቶሎ_ልቅጠር

እሺ የመጨረሻዋ ነካችኝ። የእኔም አንዱ እንደዚያ ነው።

ነጠላ_ሰረዝ

አንድ ነገር ልጨምርና ልሂድ። ስትጠፊ የምትሄጂበት ቦታ ይኑርሽ፣ ቪዲዮ ሳይሆን ጽሑፍ። ኤምዲኤን የሚባለው የሞዚላ የማብራሪያ ገጽ ከሁሉ ይሻላል። መጀመሪያ ደረቅ ይመስላል፣ ትለምጂዋለሽ። ቪዲዮ ውስጥ አንድ መስመር ለማግኘት 20 ደቂቃ ወደፊትና ወደኋላ ስትይ እዚያ በአንድ ደቂቃ ታገኚዋለሽ። አማርኛ የምትጽፊበት ከሆነ ደግሞ ከላይ ቻርሴቱን (ፊደሉ የሚነበብበትን ስልት) ዩቲኤፍ 8 ማለት አትርሺ፣ ፊደሉ ሌላ ጉድ ሆኖ እንዳይመጣብሽ።

ባዶ_ፋይል (ከ5 ቀን በኋላ)

ሪፖርት ይዤ መጣሁ። ወረቀት ላይ ሳልኩት፣ ኤችቲኤምኤሉ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ለካ ያን ያህል ባዶ አይደለሁም።

ሲኤስኤስ ላይ ግን ተጣብቄያለሁ። ሁለት ካርድ ጎን ለጎን እፈልጋለሁ፣ አንዱ "እያነበብኩ ያለሁት"፣ አንዱ "የጨረስኩት"። ማቀፊያው 600 ፒክሴል ነው። ለእያንዳንዱ ካርድ ዊድዝ (ስፋት) 50 ፐርሰንት ሰጠሁ። ግማሽና ግማሽ አንድ ሙሉ ነው አይደል? ሁለተኛው ካርድ ግን ወደ ታች ይወድቃል! ፓዲንጉን (በጠርዙና በጽሑፉ መሃል ያለውን ክፍተት) ሳጠፋ ይመለሳል፣ ግን ፓዲንግ ከሌለ ጽሑፉ ጠርዙ ላይ ተለጥፎ ያስጠላል። ጎን ለጎን ለመደርደር ፍሌክስ ነው የተጠቀምኩት፣ ስልክ ላይ እንዲወርድ ብዬ ራፕ አብርቼለታለሁ። ፓዲንጉ 20 ነው፣ ዙሪያውን 1 ፒክሴል መስመር አለው። ሁለት ሰዓት ታገልኩ።

የኋላ_በር

እኔ ለዚህ ነው ባክ ኤንድ (ከገጹ ጀርባ ያለው ሥራ) የገባሁት። ዳታቤዝ ካርዱ አይወድቅበትም።

ድርብ_ሰረዝ

ዳታቤዙ ራሱ ይወድቃል እንጂ። ባለፈው ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማን ነበር ከእንቅልፉ የተቀሰቀሰው?

የኋላ_በር

እሱን ሆድ ይፍጀው።

ፒክሴል_ቆጣሪ

እነሱን ተያቸው፣ ወደ እኔ ነይ። ይሄ ጥያቄ የኔ ነው፣ ስሜን እይው።

ካርዱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጊና ኢንስፔክት በይ። የሚከፈተው መስኮት ውስጥ ኮምፒዩትድ የሚል አለ፣ እዚያ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀመጡ አራት ሳጥኖች ታያለሽ። መሃሉ ላይ ሰማያዊው ይዘቱ ነው፣ አረንጓዴው ፓዲንግ፣ ቀጥሎ ቦርደር፣ ውጪ ያለው ብርቱካናማ ማርጂን። አሁን አብረን እንደምር። የ600 ግማሽ 300 ነው። አንቺ 300 ያልሽው ካርዱን መስሎሻል፣ ብራውዘሩ ግን 300ውን የሰጠው ለሰማያዊው ብቻ ነው። በግራ 20 በቀኝ 20 ፓዲንግ፣ 340። በግራ 1 በቀኝ 1 መስመር፣ 342። ሁለት ጊዜ 342 ደግሞ 684። ማቀፊያሽ 600 ነው። የት ይግባ? ራፕ ባታበሪ ፍሌክስ ጨምቆ ያስገባቸው ነበር፣ አንቺ ግን "ካልበቃ አውርደው" ብለሽዋል፣ አወረደው። ታዝዞሻል እኮ።

መፍትሔው ቦክስ ሳይዚንግ የሚባል አለ፣ ቦርደር ቦክስ አድርጊው። ያኔ 300 ስትይ ፓዲንጉም መስመሩም በ300 ውስጥ ይቆጠራል፣ ይዘቱ ወደ 258 ይጠባል። አብዛኞቻችን በየፕሮጀክቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ለሁሉም ኤለመንት እንሰጠዋለን። የኮርሱ አስተማሪም ጽፎት ይሆናል፣ "ይሄን ዝም ብላችሁ ጻፉት" ብሎ። በዚህ ነው እኔ አስተማሪ ላይ የምናደደው!

ባዶ_ፋይል

አዎ!! ጽፎት ነበር! "ለምን እንደሆነ በኋላ እናያለን" ብሎ፣ አላየነውም።

ሠራ። ግን ሁለቱ ተጣበቁ፣ በመሃላቸው ትንሽ ክፍተት ብዬ ጋፕ 16 ስሰጥ ደግሞ ወደቀ። ኧረ ምን ልሁን?

ፒክሴል_ቆጣሪ

አልነግርሽም። ደምሪው።

ባዶ_ፋይል

300 እና 300 እና 16። 616።

600 ውስጥ 616።

እሺ ገባኝ፣ ራሴን በራሴ ሳቅኩበት።

ፒክሴል_ቆጣሪ

ይኸው። አሁን ከወደቀ ካርድ ጋር አትደናገጪም፣ ትደምሪያለሽ። እንዲህ ላለው ጎን ለጎን ነገር ግሪድ (የሰንጠረዥ አደራደር) ይቀላል። ሁለት ዓምድ፣ እያንዳንዱ 1 ኤፍአር (አንድ ድርሻ)። ኤፍአር መጀመሪያ ጋፑን ያነሳል፣ የቀረውን 584 ለሁለት ያካፍላል፣ 292 እና 292። ፐርሰንት ግን ጋፕ መኖሩንም አያውቅ። ስልክ ላይ አንድ ዓምድ እንዲሆን ሚዲያ ኩዌሪ (በስክሪኑ ስፋት የሚሠራ ደንብ) ትጨምሪያለሽ፣ አለቀ። ግሪድ 2017 ላይ ነው ትልልቆቹ ብራውዘሮች ውስጥ የገባው። ከዚያ በፊት ይሄን በፍሎት (በድሮው ዘዴ) ስንሠራ ያየነውን መከራ ጋሼ የድሮ ሰው ይንገራችሁ።

የድሮ_ሰው

አልነግርም። ከፍሎት በፊት በቴብል ነበር።

ባዶ_ፋይል (ከ3 ቀን በኋላ)

ጃቫስክሪፕት ላይ ደረስኩ። በተኑን ስነካው ምንም። ኮንሶሉን (ብራውዘሩ ስህተት የሚጽፍበትን መስኮት) ከፈትኩ፣ ቀይ ነው፣ "ካኖት ሪድ ፕሮፐርቲስ ኦፍ ነል" ይላል። በተኑ ግን አለ! በዓይኔ እያየሁት ነው! አይዲው (መለያ ስሙ) አንድ ነው፣ ፊደል በፊደል አስተያየሁት። ኤአይ ጠየቅሁ፣ ሙሉ ኮዱን እንደገና ጽፎ ሰጠኝ፣ ለጠፍኩት፣ ሠራ። ግን ለምን እንደሠራ አላወቅሁም፣ የድሮውን መልሼ አስገባሁት።

ድርብ_ሰረዝ

መልሰሽ ማስገባትሽ ከሁሉም በላይ ደስ ያለኝ እሱ ነው።

ስክሪፕቱን የት ነው የጠራሽው? ሄድ (የፋይሉ ራስ) ውስጥ?

ባዶ_ፋይል

አዎ ሄድ ውስጥ፣ ከሲኤስኤሱ ቀጥሎ።

ድርብ_ሰረዝ

እዚያ ጋ ነው። ብራውዘሩ ፋይልሽን ከላይ ወደ ታች እያነበበ ነው የሚሠራው። ስክሪፕቱ ጋ ሲደርስ ንባቡን ያቆማል፣ ስክሪፕቱን ያስኬዳል። ስክሪፕቱ "በተኑን አምጣ" ይላል። ብራውዘሩ ገና ቦዲ (የገጹ ይዘት) ጋ አልደረሰም፣ በተን የሚባል ነገር አላየም። ስለዚህ "የለም" ብሎ ነል ይሰጥሻል። አንቺ ደግሞ በሚቀጥለው መስመር ላይ ለዚያ "የለም" አድ ኢቨንት ሊስነር (ሲነካ የሚሰማ ጆሮ) ልትሰጪው ትሞክሪያለሽ። አንቺ በዓይንሽ የምታይው በኋላ የመጣውን በተን ነው። ጊዜው ነው የተሳሳተው እንጂ አይዲው አይደለም።

ስክሪፕት ታጉ ላይ ዲፈር የምትል ቃል ጨምሪ። ያኔ ፋይሉን አውርዶ ይይዝና ገጹ ተነብቦ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ቀዩን ጽሑፍ ደግሞ አትፍሪው። ጀማሪ ቀይ ሲያይ ዓይኑን ይጨፍናል። ቀዩ የሚነግርሽ ሁለት ነገር ነው፣ ምን እንደሆነና የት መስመር ላይ እንደሆነ። በቀኝ በኩል የፋይሉ ስምና የመስመር ቁጥር አለ፣ ንኪው፣ እዚያው ቦታ ያደርስሻል። ከዚያ በላይ ያለው መስመር ላይ ኮንሶል ሎግ አድርገሽ በእጅሽ ያለው ምን እንደሆነ እይ። በተን ይሆናል ብለሽ የጠበቅሽው ነል ከሆነ ነገሩ እዚያ ነው።

ቶሎ_ልቅጠር

ስለ ኤአዩ ግን ልናገር፣ ሁላችንም እየተጠቀምን እንዳልተጠቀምን አንሁን። እኔ በየቀኑ እጠቀማለሁ። ችግሩ "ጻፍልኝ" ስትይው ነው። "ይሄ ስህተት ምን ማለት ነው፣ ኮድ አትስጠኝ" በይው እስኪ፣ እንደ ጥሩ ጓደኛ ያስረዳሻል። እኔ ባለፈው ሙሉ ገጽ አስጻፍኩት፣ ሁሉ ነገር ያምራል፣ ደንበኛው አንድ ትንሽ ለውጥ ጠየቀኝ፣ የት እንደምነካ ጠፋኝ። ሁለት ቀን በሰው ኮድ ውስጥ ስዳክር ዋልኩ፣ ሰውየው ደግሞ እኔ ነኝ።

ባዶ_ፋይል (በማግስቱ)

ዲፈር ሠራ። እንግዲህ ሳቁ አሁን ነው። መጀመሪያ 12 ገጽ አስገባሁ፣ ቀጥሎ 30። ድምሩ 42 መሆን አለበት አይደል። የእኔ መዝገብ ስንት አለ? 01230። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሠላሳ ገጽ፣ ፊቱ ላይ ዜሮ ያለው። እንደዚያ ባነብ ኖሮ የት በደረስኩ!

ግን ስሙኝ፣ አልጠየቅኋችሁም። ድምሩን ኮንሶል ላይ አወጣሁት፣ ከ0 ተነስቶ "012" ይሆናል፣ ከዚያ "01230"። ቁጥሮቹ አልተደመሩም፣ ጎን ለጎን ተያያዙ። ከኢንፑት የሚመጣው ነገር ቁጥር ቢመስልም ጽሑፍ ነው። ነምበር (ጽሑፍን ቁጥር የሚያደርገው) ውስጥ አስገብቼ ቀየርኩት። 42!! ብቻዬን ጮህኩ።

ፒክሴል_ቆጣሪ

እልል በሉ!

የድሮ_ሰው

ኢንፑቱን ታይፕ ነምበር ብትይውም የሚመልሰው ጽሑፍ ነው፣ ብዙ ሰው እዚያ ይሸወዳል። ባዶ ሆኖ ቢመጣስ? ነምበር ባዶውን 0 ያደርገዋል። ኢንፑቱ ተራ ጽሑፍ የሚቀበል ከሆነና አሥራ ሁለት ብሎ በፊደል ቢጽፍብሽስ? ናን (ቁጥር አይደለም) ይሆናል፣ ከዚያ ድምርሽ በሙሉ ናን ነው፣ የሚያስመልሰው የለም። ሰው ያልጠበቅሽውን ሲያስገባ ምን እንደሚሆን አሁኑኑ ሞክሪው። የራስሽን ሥራ እንደ ጠላት ሆነሽ ንኪው።

ባዶ_ፋይል

ልክ ነህ፣ ናን አለ። አንድ ጥያቄ፣ አንተ ነው ወይስ እርስዎ የምልዎት?

የድሮ_ሰው

አንተ በይኝ። የድሮ የሆነው ስሜ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ነጠላ_ሰረዝ

ጊት (የኮድ ለውጥ መዝጋቢ) ጀምረሻል? ካልጀመርሽ ዛሬ ጀምሪ። 42 ያለበትን ቀን ኮሚት አድርጊው፣ ማለትም መዝግቢው። ነገ ስታበላሺው፣ ታበላሺዋለሽ እርግጠኛ ነኝ፣ የምትመለሽበት ቦታ ይኖርሻል። ሁሉንም ትእዛዝ መሸምደድ የለብሽም፣ አድ፣ ኮሚት፣ ፑሽ፣ ለሦስት ወር ይበቃሻል። ጊትሃብ (የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ) ላይ ስታስቀምጪው ደግሞ ፔጅስ የሚል ቅንብር አለ፣ ገጹን በነፃ ሰው እንዲያየው ያወጣልሻል።

ባዶ_ፋይል (ከሳምንት በኋላ)

ወጣ። ሊንኩ መገለጫዬ ላይ አለ።

ሁለት ነገር አጋጠመኝ። አንዱ፣ ገጹን ስዘጋ የገባው ሁሉ ይጠፋ ነበር። ሎካል ስቶሬጅ (የብራውዘሩ ማስቀመጫ) ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ስመልሰው "ኦብጀክት ኦብጀክት" የሚል ጽሑፍ ብቻ አገኘሁ፣ መጽሐፎቼ የሉም። ኤምዲኤን ላይ አነበብኩ፣ እዚያ የሚቀመጠው ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ስታስቀምጪ ጄሰን ስትሪንጊፋይ (ወደ ጽሑፍ መቀየር)፣ ስታወጪ ጄሰን ፓርስ (መልሶ መፍታት)። ሁለተኛው፣ በስልኬ ስከፍተው ገጹ እንደ ቴምብር ትንሽ ሆነ። ቪውፖርት የምትለዋን ሜታ ታግ ረስቼያለሁ። ለካ እሷ ከሌለች ስልኩ ገጹን እንደ ኮምፒውተር ሰፊ አድርጎ ይሥለውና ያሳንሰዋል። ያ ሁሉ ሚዲያ ኩዌሪዬ ሥራ ፈትቶ ነበር።

ቶሎ_ልቅጠር

አየሁት። ድምሩን ሦስት ቦታ ነው የምታሳዪው፣ አንድ መጽሐፍ ስሰርዝ ግን ከላይ ያለው አልቀነሰም።

ባዶ_ፋይል

ወይኔ። አዎ፣ ሁለቱን ነው የቀየርኩት፣ ሦስተኛውን ረስቼዋለሁ።

ድርብ ሰረዝ በመጀመሪያው ቀን ያለኝ ይሄ ነው አይደል? ሪአክት ለዚህ ነው?

ድርብ_ሰረዝ

ለዚህ ነው። ግን መጀመሪያ በእጅሽ አስተካክዪው። መጽሐፎቹ ያሉበትን አሬይ (ዝርዝር) ብቻ ነው የምትቀይሪው፣ ከዚያ አንድ ፋንክሽን አሬዩን አይቶ ገጹን በሙሉ እንደገና ይሣለው፣ ሦስቱንም ቦታ። ሲጨመርም ሲሰረዝም እሱኑ ትጠሪያለሽ። ይሄን ከጻፍሽ የሪአክትን ግማሽ ሐሳብ ራስሽ ጻፍሽው ማለት ነው። ያቆምሽው ኮርስ ላይ መመለስ ትችያለሽ።

ፒክሴል_ቆጣሪ

እኔም አየሁት፣ ያምራል። ግራጫው ጽሑፍ ግን ነጭ ላይ በጣም ፈዟል። ለተራ ጽሑፍ ንጽጽሩ ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት፣ ኢንስፔክት ውስጥ ቀለሙን ስትነኪው ቁጥሩን ያሳይሻል።

ሌላ አንድ ነገር ልለምንሽ። ማውዝሽን ንቀዪው፣ የላፕቶፑን መዳሰሻም አትንኪ፣ በታብና በኢንተር ብቻ አንድ መጽሐፍ ጨምረሽ ሰርዢ።

ባዶ_ፋይል

መጨመሩ ሠራ። መሰረዣው ጋ ታብ አይቆምም፣ ዘሎት ያልፋል።

ፒክሴል_ቆጣሪ

ምንድን ነው የሠራሽው እሱን?

ባዶ_ፋይል

ዲቭ ነው፣ ክሊክ ሰጥቼው። ከርሰሩንም እጅ አድርጌዋለሁ፣ በተን ነው የሚመስለው።

ፒክሴል_ቆጣሪ

ለሚያይ ሰው ይመስላል። ለኪቦርዱና ገጹን ጮክ ብሎ ለሚያነበው ፕሮግራም ግን ባዶ ሳጥን ነው። እውነተኛ በተን ብታደርጊው ታቡም ኢንተሩም አብረው በነፃ ይመጣሉ።

ባዶ_ፋይል

ቀየርኩት። አሁን ታብ ይቆማል፣ ኢንተርም ይሰርዛል። ግን ያ ቆንጆው ቅርጹ ጠፋ፣ ግራጫ ሆኖ ፎንቱም ተለወጠ።

ፒክሴል_ቆጣሪ

እሱ የብራውዘሩ የራሱ ስታይል ነው። ባክግራውንዱን፣ ቦርደሩን አጥፊው፣ ፎንቱን ኢንሄሪት (ከገጹ ውረስ) በዪው። አውትላይኑን ግን እንዳትነኪው፣ ታብ የት እንደቆመ የሚያሳየው እሱ ነው።

ባዶ_ፋይል

እሺ፣ መጀመሪያ የቀደመውን ኮሚት ላድርግ።